ዛሬ የት ያድራል? ሶሻል ወርክ ስለማናወራላቸው ሰዎች ምን ያስተምራል?

ከሁለት ወር በፊት በሰፈራችን ቅሬ (እድር) ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሒሳቡ ተነብቦ፣ የቀረ ሰው ቅጣቱን ከፍሎ፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ሰብሳቢያችን ሐጂ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እናንተ ዘንድ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ስለ እነዚያ ሰዎች ታስተምራላችሁ ይባላል። እውነት ነው?»

«ስለ እነማን፣ ሐጂ?» አልኩ፤ ገብቶኛል።

«ያው» አሉ። ስሙን አልጠሩትም፤ እኔም አልጠራሁትም። ቤቱ ጸጥ አለ። ሲኒ የምታጥበው ልጅ እንኳ እጇን አቆመች። ደንግጬ በአንድ ትንፋሽ «አናስተምርም» አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ «ማለቴ፣ እናስተምራለን፤ ግን እንደምታስቡት አይደለም» ብዬ አከልኩበት። ሁለቱም እውነት ነበር፤ ማንንም ግን አላሳመነም። ሐጂ «እሺ» ብለው ወሬውን ወደ ድንኳኑ ጥገና መለሱት። የማስተምረው ሶሻል ወርክን፣ ችግር የገጠመውን ሰውና ቤተሰብ የመርዳትን ሙያ፣ ነው፤ የጠየቁኝም ለተመሳሳይ ጾታ ስለሚሳቡ ሰዎች ነበር። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን በረካው ሳይወጣ መጨረስ ያቃተኝ መልስ ነው።

«አናስተምርም» ያልኩት በዚህ ርዕስ ራሱን የቻለ ኮርስ ስለሌለን ነው። በአገራችን የሶሻል ወርክ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ ነው። በደርግ ዘመን ተዘጋ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በድኅረ ምረቃ ደረጃ እንደገና ተከፈተ፤ ከዚያም ወደ ክልል ዩኒቨርሲቲዎች ወረደ። ዛሬ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተናም አለበት፤ ፈተናው በማይመለከተው ነገር ጊዜ የሚያጠፋ መምህር በተማሪ አይወደድም። «እናስተምራለን» ያልኩት ደግሞ ጉዳዩ በየኮርሱ በር ስላለው ነው። የሙያ ሥነ ምግባር ስናስተምር ይገባል፤ ኤችአይቪ ስናስተምር ይገባል፤ የቤተሰብ ግጭት፣ የሕፃናት ጥበቃ፣ የአእምሮ ጤና ስናስተምር ይገባል። እኛ በሩን ባንከፍትለት ተማሪው የመስክ ልምምድ በወጣበት ቢሮ ባለጉዳዩ ራሱ ከፍቶት ይመጣል።

ሐጂ የሰሙት ወሬ በሌላ አገር ስላለው ኮርስ ሳይሆን አይቀርም። በአሜሪካ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቶችን የሚመዝነው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው መመሪያ ለተመሳሳይ ጾታ ስለሚሳቡ ሰዎች ማስተማርን ግዴታ አደረገ። ከዚያ በኋላ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለዚህ ብቻ የተለየ ኮርስ አዘጋጁ። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በ1996ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥቷ በጾታ ዝንባሌ ምክንያት አድልዎ መፈጸምን ስለከለከለች፣ እዚያ የሚመረቅ ባለሙያ ጉዳዩን አላውቅም ማለት አይችልም። የእነዚህን ኮርሶች ዝርዝር ያነበበ ሰው የሚገርመው አሰልቺነታቸው ነው። ሰው የሚጠብቀው የመኝታ ቤት ወሬ ነው፤ የሚያገኘው ግን ከቤት የተባረረ ወጣት ማደሪያ፣ የውርስ ክርክር፣ ጠዋሪ ያጣ ሽማግሌ፣ ራስን የማጥፋት አደጋ፣ ሐኪም ቤት ሄዶ እውነቱን መናገር የፈራ በሽተኛ ነው። በአጭሩ ሶሻል ወርክ ሁልጊዜ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ባለጉዳዮቹ ብቻ ይለያሉ።

ሙያው ወደዚህ የደረሰው በቀና ልቡ ብቻ አይደለም፤ ዕዳ ስለነበረበትም ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጣው የሕመሞች ዝርዝር ውስጥ ለተመሳሳይ ጾታ መሳብን ከስብዕና መቃወስ መድቦት ነበር። በየሆስፒታሉ ሐኪሙን የሚያግዘው፣ ቤተሰቡን የሚያነጋግረውና መዝገቡን የሚሞላው ደግሞ ሶሻል ወርከሩ ነበር። ስለዚህ ስሕተቱ ሲታረም የእርማቱን ሒሳብ እኛም እንጋራለን።

እንዴት ታረመ? እዚህ ላይ አንድ ጥናት ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ ተማሪዎቼም ከሁሉ የሚወዱት ይህን ነው። ኤቭሊን ሁከር የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ 30 ለተመሳሳይ ጾታ የሚሳቡ ወንዶችንና 30 ሌሎች ወንዶችን ወሰደች፤ በዕድሜ፣ በትምህርትና በአእምሮ ብቃት ፈተና ውጤት አጣመደቻቸው። ማናቸውም በሕክምና ላይ ያሉ ወይም የታሰሩ አልነበሩም። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከእርሷ በፊት የነበሩት ጥናቶች አብዛኞቹ የተሠሩት እስረኛና ሕመምተኛ ላይ ነበር፤ እስረኛን ብቻ አይቶ ስለ ሰፈር መፍረድ ማለት ነው። ለሁሉም በዘመኑ የታወቁትን የሥነ ልቦና ፈተናዎች ሰጠቻቸውና ውጤቱን ስም ሳይጻፍበት ለሦስት አንጋፋ ባለሙያዎች አስረከበች። የትኛው የየትኛው እንደሆነ ለዩ ተባሉ። መለየት አልቻሉም። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። የአእምሮ ሐኪሞቹ ማኅበር ጉዳዩን ከሕመም ዝርዝር ያወጣው ግን በታኅሣሥ 1973፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ግንቦት 17 ቀን 1990 ነው፤ ሁለቱም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። ማስረጃ ቶሎ ይገኛል፤ ልብ ቀስ ብሎ ይከተላል።

«ሕመም አይደለም» ማለት «ኃጢአት አይደለም» ማለት እንዳልሆነ ለተማሪዎቼ ወዲያው እናገራለሁ። የመጀመሪያው የሐኪም ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛውን የሚመልሱት ካህኑና ሼኹ ናቸው። ሦስተኛው፣ «ወንጀል ነው ወይ?» የሚለው፣ የሕግ ጥያቄ ነው። በእኛ ከተማ፣ በደሴ፣ ሦስቱ በአንድ ከረጢት ታስረው ስለሚመጡ የመጀመሪያው ሳምንት የሚያልቀው ቋጠሮውን በመፍታት ነው።

ሕጉን አልሸፋፍንም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው፣ ከግንቦት 1997 ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን የግብረ ሥጋ ድርጊት በቀላል እስራት ያስቀጣል። ከእርሱ በፊት የነበረው የ1949ኙ ሕግም ከልክሎት ነበር። አንቀጽ 630 ቅጣቱ የሚከብድባቸውን ሁኔታዎች፣ አንቀጽ 631 ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸመውን ይዘረዝራሉ። ልጁ ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ቅጣቱ ከ15 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ተማሪዎቼ ሦስቱን አንቀጾች በአንድ ትንፋሽ ያነቧቸዋል፤ እኔ ግን አስቆማቸዋለሁ። አንቀጽ 631 የሚናገረው ስለ ጥቃት ነው። በጎረቤት ወይም በአሠሪ የተደፈረ ወንድ ልጅ አፉን የሚዘጋው ሕመሙ ሳያንሰው ያ አስፈሪ ስም በእርሱ ላይ እንዳይለጠፍ ፈርቶ ነው። ጥቃትንና ዝንባሌን አንድ አድርገን ባወራን ቁጥር የምንጎዳው መጀመሪያ ያንን ልጅ ነው። በግሌ ከዚህ ሁሉ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ ይቅር ብባል ይህን አላስቀርም።

ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነው፤ ስሜትን አይደለም፤ ማወቅንም ሆነ ማስተማርን አይደለም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የአካዳሚ ነጻነትን ያውቃል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል። ከተማሪ የሚመጣው ከባድ ጥያቄ «ባለጉዳዩ ቢነግረኝና ዝም ብል እከሰሳለሁ?» የሚለው ነው። ወንጀልን አለማሳወቅን የሚመለከተው አንቀጽ 443 በመሠረቱ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት ስለሚያስቀጡ ወንጀሎች፣ እንዲሁም በሕግ ወይም በሙያ ደንብ የማሳወቅ ግዴታ ስላለባቸው ሰዎች የሚናገር ነው። የጎልማሳ ባለጉዳይ የልብ ምስጢር እዚያ ውስጥ አይገባም። የሕፃን መጎዳት ሲሆን ግን ምስጢር የሚባል መደበቂያ የለም፤ ይህንንም ለባለጉዳዩ ገና ከመጀመሪያው፣ አፉን ሳይከፍት፣ መንገር ያስፈልጋል።

ከሕጉ ይልቅ የሚያደክመኝ ቋንቋው ነው። አዋጁም፣ ስብከቱም፣ ጋዜጣውም የሚጠቀሙበት ቃል «ግብረ ሰዶም» ነው። ፈትታችሁ እዩት። «ግብር» ድርጊት ነው፤ «ሰዶም» በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 19 የተቃጠለችው ከተማ ናት፤ በቁርኣንም የነቢዩ ሉጥ ሕዝቦች ታሪክ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ቃሉ ክሱንም፣ ፍርዱንም፣ እሳቱንም ተሸክሞ ነው የሚመጣ። ለሰባኪ ይህ ችግር አይሆንም፤ ፍርድን መናገር ሥራው ነው። መዝገብ የሚይዝ ባለሙያ ግን በዚህ ቃል ከጻፈ የባለጉዳዩን ዕድሜ ሳይጠይቅ ፍርዱን ጻፈ ማለት ነው። ደግሞ ቃሉ የድርጊት ስም ሆኖ ሳለ እኛ ሰው እንጠራበታለን። አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው፣ ማንንም ነክቶ የማያውቅ ልጅ፣ ልቡ ወዴት እንዳዘነበለ ስለገባው ብቻ በዚህ ስም ሲጠራ፣ «ግብሩ» የቱ ጋ ነው?

በክፍል ውስጥ «ለተመሳሳይ ጾታ የሚሳቡ ሰዎች» እንላለን። ረጅምና ደረቅ ነው፤ ደረቅነቱ ነው የሚጠቅመን። የሚመለከታቸው ሰዎች እርስ በርስ የሚጠራሩበት የራሳቸው ቃል አላቸው፤ አውቀዋለሁ፤ ሰሌዳ ላይ ግን ጽፌው አላውቅም። ሰው የሚጠለልበትን ቃል ስልሳ ሰው ፊት ማጋለጥ የምንማረው ሙያ አይደለም።

ሌላው ግራ መጋባት የሚመጣው አራት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ከማድረግ ነው። ልቡ ወደ ማን ያዘነብላል? ራሱን ወንድ ወይስ ሴት ብሎ ያውቃል? ሲወለድ አካሉ እንዴት ነበር? አነጋገሩና አለባበሱስ ከሰፈሩ ልማድ ጋር ይገጥማል? «ሴታሴት» ተብሎ በትምህርት ቤት አጥር ሥር የሚደበደበው ልጅ ስለ መጀመሪያዎቹ ሦስት ጥያቄዎች የሚነግረን ነገር የለውም፤ ድምፁ ቀጠን ማለቱን ብቻ ነው የምናውቀው። «ወንዳወንድ» የምትባለዋም ልጅ እንደዚያው።

ስለ ሦስተኛው ጥያቄ፣ አካላቸው ወንድም ሴትም ለማለት አስቸግሮ ስለሚወለዱ ልጆች፣ እኔ ከፈረንጅ መጽሐፍ ያመጣሁትን ትርጉም ሳነብ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ቃሉ ወረዳ ውስጥ ቂርአት የቀመሰ ደረሳ ነበር። «መምህር፣ ይህማ ኹንሳ ነው፤ ፊቅህ ውስጥ አለ» አለኝ፤ ፊቅህ የእስልምና ሕግ ትምህርት ነው። ከዚያ ተነሥቶ የውርሱን ሒሳብ አስረዳን። ሟች ትቶት ከሄደው ንብረት ለእንዲህ ያለው ወራሽ የወንድ ድርሻ ይያዝለት ወይስ የሴት? ሊቃውንቱ ምን ያህሉን ወዲያው ይሰጡታል፣ ምን ያህሉስ ነገሩ እስኪለይ ይቆያል? ክፍሉ በሙሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ጆሮውን አቁሞ ሰማው። ያን ቀን የገባኝ ነገር ትንሽ አሳፍሮኛል፦ ተማሪዎቼ ለማያውቁት ነገር ሁሉ ቃል የማመጣላቸው እኔ እመስለኝ ነበር። እነዚያ የጥንት ሊቃውንት ጉዳዩን አልካዱም፤ ሰውየውንም ከወራሾች መዝገብ አልፋቁትም። ቁጭ ብለው ሒሳቡን ሠሩለት።

መገለልን ለማስተማር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከተማችን የንጉሥ ሚካኤልን አዳራሽ «አይጠየፍ» ብላ ትጠራለች፤ ሀብታም ድሃ ሳይል ሁሉ የሚበላበት ማለት ነው። ይህን በኩራት ሳነሣ ከኋላ ያለ ተማሪ «ሲኒው ተለይቶ የሚቀመጥለት ሸክላ ሠሪስ?» ይለኛል፤ ልክ ነው። ወደ ቦሩ ሜዳም እንሄዳለን። እዚያ ያለው ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የታወቀው በሥጋ ደዌ ሕክምናው ነው። በሽታው የሚድን ሆኖም «ቆማጣ» የሚለው ስድብ ከመድኃኒቱ በኋላም ቆየ። ምሳሌው እንዳያሳስታችሁ፤ አንዱ ባክቴሪያ ነው፣ ሌላው ሕመም አይደለም። የማወዳድረው የእኛን ዓይን ነው።

ኧርቪንግ ጎፍማን የተባለው የማኅበረሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1963 በዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ልዩነት አስቀመጠ። ነውር የተባለው ነገር ፊቱ ላይ የሚታይ ሰው አለ፤ እርሱ የሚታገለው ከሰዉ ዓይን ጋር ነው። የተደበቀ ሰውም አለ፤ እርሱ የሚታገለው ከወሬ ጋር ነው፤ ማን ያውቃል፣ ማን ጠረጠረ፣ ምን ተናገርኩ እያለ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። የኤችአይቪ መድኃኒት ለመውሰድ እዚሁ ደሴ ሐኪም ቤት እያለለት ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ የሚሄድ ሰው ነበር፤ ከኮምቦልቻ ደግሞ ወደ ደሴ የሚወጣ። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ መንገድ ላይ ሳይተላለፉ አልቀሩም። ለተመሳሳይ ጾታ የሚሳብ ሰው ይህን መንገድ በየቀኑ በአእምሮው ይመላለሳል። ተመራማሪው ኢላን ማየር እ.ኤ.አ. በ2003 በጻፈው ጽሑፍ የእነዚህ ሰዎች ጭንቀትና ድብርት የሚበረክተው በተፈጥሯቸው ሳይሆን ከዚህ የማያቋርጥ ውጥረት የተነሣ እንደሆነ አስረድቷል።

አሁን ወደ ፈተናው ልምጣ። በየዓመቱ ለሥነ ምግባር ኮርስ የምሰጠው አንድ ጉዳይ አለ፤ ታሪኩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። የ19 ዓመት ወጣት ነው፤ ከኮምቦልቻ መጥቷል። አባቱ ስልኩን ከፍቶ መልእክት አንብቦ ከቤት አባረረው። ሁለት ሌሊት መናኸሪያ አድሯል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊወስድ ሁለት ወር ቀርቶታል። ቢሮህ መጥቶ «ማደሪያ የለኝም» ይላል። ምክንያቱን ስትጠይቀው በተቆራረጠ ቃል ይነግርሃል። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ምን ታደርጋለህ?

ከክፍሉ ከግማሽ የሚበልጠው «እመክረዋለሁ» ብሎ ይጽፋል። ቀጥሎ የሚመጣው ጸበል ወይም ሩቅያ (ቁርኣን እየቀሩ መፈወስ) ነው። የአእምሮ ሆስፒታል የሚሉ አሉ፤ ሁለት ሦስቱ ፖሊስ ይላሉ። «አባቱ ዘንድ ደውዬ አስታርቃለሁ» የሚለው መልስ ደግሞ ከሁሉ ደግ ስለሚመስል ከሁሉ ያሰጋኛል። አንድ ዓመት ከወግዲ የመጣች፣ ሴሚስተሩን ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት ተማሪ ሦስት መስመር ብቻ ጻፈች፦ «ዛሬ የት ያድራል? እህል በልቷል? የፈተና መግቢያ ካርዱ አባቱ ቤት ከቀረ ማን ያምጣለት?» ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ሌሎቹ አጉረመረሙ። አንዱ እንደውም «መምህር፣ ዋናውን ጉዳይ አልነካችውም» አለ። ሁለት ሰዓት የፈጀ ክርክር የተነሣው ከዚህ ነው።

ዋናው ጉዳይ የቱ ነው? ልጁ ዝንባሌዬን ለውጡልኝ ብሎ አልመጣም፤ ማደሪያ ብሎ ነው የመጣው። ማደሪያ ለመፈለግ የተባረረበትን ምክንያት ማወቅ ያን ያህል አያስፈልግም። መዝገቡ ላይ «በቤተሰብ ግጭት ከቤት የወጣ» ተብሎ ቢጻፍ እውነት ነው፤ ይበቃልም። መዝገብ ሳጥን ውስጥ አይቀርም፤ ጸሐፊዋ ታየዋለች፣ ተተኪው ሠራተኛ ያነበዋል፣ የልጁ አጎት ልጅ እዚያው ቢሮ ሊቀጠር ይችላል። ደሴ ትንሽ ከተማ ናት።

ራሱን ስለማጥፋት አስቦ እንደሆነ ደግሞ በግልጽ፣ ሳይሸፋፈኑ መጠየቅ ያስፈልጋል። ተማሪዎች መጠየቁ ሐሳቡን ያመጣበታል ብለው ይፈራሉ፤ አያመጣበትም። ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው እፎይታን ነው።

ሽማግሌ መላክስ? ወሎ ውስጥ ሰው ሲጣላ መጀመሪያ የሚታሰበው ይህ ነው፤ ጥሩ ልማድ ነው። ነገር ግን ሽማግሌ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጥፋቱ ምንድን ነው?» ብሎ ነው። መልሱ በተነገረ ማግሥት ልጁ የሚመለስበት ሰፈር የለውም። አባቱም እንደዚያው፤ ይህን ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል። አባትየው ጎረቤት ሲጠይቀው «አዲስ አበባ ሄዷል» ብሎ ሳይዋሽ አይቀርም። አባትና ልጅ አንድ ምስጢር እየጠበቁ ነው፤ የተጣሉትም በእርሱ ነው። ብልህ ባለሙያ መግቢያ ቀዳዳ የሚፈልገው እዚህ ጋ ነው፤ ለምሳሌ ሐይቅ ከተማ ያለች፣ ምንም ሳትጠይቅ «ልጄ እስኪፈተን እኔ ዘንድ ይቀመጥ» የምትል አክስት ትኖር ይሆን?

ኬትሊን ራያን የተባለች አሜሪካዊት ሶሻል ወርከር ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመችው ጥናት እዚህ ይጠቅመናል። በጉርምስናቸው ቤተሰባቸው በጽኑ የገፋቸው ወጣቶች፣ ጥቂት ከተገፉት ወይም ጨርሶ ካልተገፉት እኩዮቻቸው ይልቅ ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩበት ዕድል 8.4 እጥፍ ነበር። ከቁጥሩ ይበልጥ የምወደው የሥራዋን መንገድ ነው። ሃይማኖተኛ ወላጆችን እምነታችሁን ተዉ አትላቸውም፤ የትኛው ድርጊታቸው ልጁን እንደሚጎዳው ታሳያቸዋለች። ዱላ፣ ስድብ፣ ከማዕድ መለየት፣ ማባረር። አባት «ልክ አይደለህም» እያለም ፍራሽ መስጠት ይችላል። ኮምቦልቻ ያለ አባት ይህን ይቀበል እንደሆነ አላውቅም፤ «እምነትህን ተው» ቢባል ግን በሩን እንደሚዘጋ አውቃለሁ።

በየዓመቱ የማይቀረው ጥያቄ «መምህር፣ ሃይማኖቴ ይህን አይፈቅድም፤ እኔ እንዴት ላገለግለው እችላለሁ?» የሚለው ነው። የሚጠይቁት ጥሩዎቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ግድ የሌለው አይጠይቅም። ለዚህ የምጠራላቸው ምስክር ፌሊክስ ቢስቴክ ነው። ዛሬም የምናስተምራቸውን ሰባት የባለጉዳይ አያያዝ መርሆች እ.ኤ.አ. በ1957 ያሰባሰበው እርሱ ነው፤ አለመፍረድ፣ ሰውን እንዳለ መቀበል፣ ምስጢር መጠበቅ ከሰባቱ ውስጥ ናቸው። ሰውየው ከሃዲ እንዳይመስላችሁ፤ የኢየሱሳውያን ማኅበር የካቶሊክ ካህን ነበር። መቀበል ማለት ማጽደቅ እንዳልሆነም በግልጽ ጽፏል።

ይህን ለማስረዳት በፊት አንድ ምሳሌ እጠቀም ነበር፦ «ማረሚያ ቤት ያለውን ነፍሰ ገዳይ ስንረዳ ግድያን አላጸደቅንም።» ጥሩ ምሳሌ ይመስለኝ ነበር፤ ተማሪዎችም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ከማስታወሻዬ መሐል የተጣጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ስም የለውም። «መምህር፣ እኔ ነፍሰ ገዳይ አይደለሁም» ይላል።

የእጅ ጽሑፉን ከፈተና ወረቀቶች ጋር ማስተያየት እችል ነበር። ወረቀቱን አቃጠልኩት። ምሳሌውንም ከዚያ ወዲህ ተናግሬው አላውቅም። ከዚያ በፊት «ስለ እነርሱ» ነበር የማስተምረው፤ እነርሱ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ማስታወሻ እየያዙ። አሁን በመጀመሪያው ቀን የማስቀምጣቸው ደንቦች የመጡት ከዚያ ወረቀት ነው። ማንም ስለ ራሱ እንዲናገር አይጠየቅም፤ ስለ ሌላ ሰውም «እገሌ እኮ» ማለት ክልክል ነው። ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ድምፅ አይቀዳም።

የውጭ አገሩን ኮርስ እንዳለ አምጥቶ ማስተማርም አይሆንም፤ እዚህ ላይ ከሚያሞግሱትም ከሚያወግዙትም አልስማማም። እነዚያ መጻሕፍት ሰው ማንነቱን ለቤተሰቡና ለወዳጆቹ መግለጡን እንደ ጤናማ እርምጃ ያዩታል። የተጻፉት ሲባረሩ የሚጠለሉበት ቤት፣ ሲከሰሱ የሚቆምላቸው ጠበቃ ባለበት አገር ነው። ደሴ ውስጥ «ለቤተሰብህ ንገር» ብሎ የሚመክር ጀማሪ ባለሙያ ልጁን ከአንድ ጣሪያ በላይ ሊያሳጣው ይችላል። ቅሬ የወጣ ሰው ምን እንደሚሆን የወሎ ሰው ያውቃል፦ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞት የሚቀብረው የለም። የሰውየው ብቻ አይደለም፤ የእናቱ ለቅሶ ጭምር ነው ባዶ የሚሆነው። ፈረንጅ መጽሐፍ ውስጥ ቅሬ የሚባል ምዕራፍ የለም። ስለዚህ ተማሪዎቼን የማስተምራቸው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ቢታወቅ ምን ያጣል? ማንን ያምናል? ለመናገርም ላለመናገርም የሚወስነው እርሱ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

«ከውጭ የመጣ ነገር ነው» ለሚሉኝም ግማሹን እቀበላለሁ። ቃላቱ የውጭ ናቸው። ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት የሳይንሱ ስም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1869 በአንድ የሃንጋሪ ጸሐፊ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመ ነው። ኮርሱም፣ ክርክሩም፣ ባንዲራውም የውጭ ናቸው። ስም ሳይሰጠው በፊት ግን መናኸሪያ የሚያድር ልጅ አልነበረም ብሎ የሚምልልኝ ሽማግሌ እስካሁን አላገኘሁም።

ባለፈው ሳምንት ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ ፒያሳ ላይ ከሐጂ ጋር ተገናኘን። ያን ቀን በደንብ እንዳልመለስኩላቸው ነግሬ ይቅርታ ጠየቅሁና እስከ ሰኞ ገበያ አብረን እየሄድን ከዚህ የጻፍኩትን ሩቡን ያህል አወራኋቸው። ፈተናውንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። «አስተጋፊሩላህ» ያሉበት ቦታም ነበር። ሊለዩኝ ሲሉ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ልጁስ?» አሉ።

«የቱ ልጅ፣ ሐጂ?»

«የኮምቦልቻው። አባቱ ያባረረው ያሉኝ።»

«ልጁማ የለም። ለፈተና እኔ የፈጠርኩት ታሪክ ነው።»

«እርሱ ገብቶኛል፣ መምህር» አሉ። «የት አደረ ታዲያ?»